የሕግ ረዳት ለመሆን፦ ከኮሌጅ ምዝገባ እስከ መጀመሪያው መዝገብ፣ ባሕር ዳር ላይ

ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ የመጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ቢሮ ሲገቡ ፌስታል ይዘዋል። በፌስታሉ ውስጥ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ሽማግሌዎች የጻፉት የዕርቅ ወረቀት አለ። እርጥበት ነክቶት እርስ በርሱ ተጣብቋል። የመጡት ይግባኝ ለማለት ነው። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን አይቼ ቆጠርኩ። 72 ቀን ሆኖታል። የይግባኝ ጊዜው ደግሞ 60 ቀን ነው።

«ቡናው እስኪለቀም ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም ይግባኝ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ቡና ለቀማ በቂ ምክንያት ነው ብሎ ዳኛን ማሳመን ግን ይከብዳል። እኚህ ሰው መብት አልጎደላቸውም። ማስረጃም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ውሳኔው በተሰጠ ማግስት «አባባ፣ የመጨረሻው ቀን ይህ ነው» ብሎ በወረቀት ጽፎ የሚሰጣቸው ሰው ነው። የሕግ ረዳት ማለት ለእኔ ያ ሰው ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በኮሌጅ የሰርተፊኬት ሥልጠና ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ ነው። እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት። በቅደም ተከተል እሄዳለሁ። አንዳንዱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

የሕግ ረዳት፣ ብዙዎች ፓራሊጋል የሚሉት፣ ጠበቃ አይደለም። ባለጉዳይ ያነጋግራል። ማስረጃ ይሰበስባል፣ ያደራጃል። የክስና የመልስ ረቂቅ ያዘጋጃል። መዝገብ ይከፍታል፣ መጥሪያ ይከታተላል፣ ግልባጭ ያወጣል። ቀጠሮ ይይዛል። ችሎት ቆሞ ስለ ደንበኛ መከራከር ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ለዚያ የሕግ ዲግሪና የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲግሪው ብቻውን አምስት ዓመት ይፈጃል።

ይህን በግልጽ የምለው ምክንያት አለኝ። «ሰርተፊኬቱን ስትይዙ ጥብቅና ትሠራላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የሥራ ቦታውስ? የጠበቃ ቢሮ አለ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤትና ሬጅስትራር አለ። የባንክና የኢንሹራንስ የሕግ ክፍል፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላትና ማኅበራት፣ የድርጅት ነገረ ፈጅ ቢሮም አለ። ፍርድ ቤት አጠገብ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትንም አትናቁ። ከእነሱ መካከል ከብዙ ምሩቅ የተሻለ የሚያዳምጡ አይቻለሁ።

ኮሌጁን እንዴት እንደምትመርጡ

ባሕር ዳር ላይ የኮሌጅ ማስታወቂያ አይጠፋም። ከፔዳ እስከ ጊሽ አባይ ያለው ምሰሶ ሁሉ የተለጠፈበት ነው። ማስታወቂያውን ትታችሁ ፈቃዱን ተመልከቱ። ኮሌጁ ፈቃድ አለው ማለት የምትማሩበት የትምህርት መስክ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ አራቱን ነው፦ ለዚህ መስክ፣ ለዚህ ደረጃ፣ ለዚህ ቅርንጫፍ፣ ለዚህ ዓመት የተሰጠ ፈቃድ አለ ወይ? ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ከዚያ ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ግማሽ ቀን ይወስድባችሁ ይሆናል። የታገደ መስክ ውስጥ ገብቶ ዓመት ከማቃጠል ግን ግማሽ ቀን ይሻላል። የመስኩ ስም ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚለያይ ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ሰርተፊኬቱ ላይ የሚወጣው ስም አንድ መሆኑንም አረጋግጡ።

ቀጥሎ እነዚህን ጠይቁ። የሚያስተምሩት ችሎት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው? ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ የሆነ ወይም የነበረ መምህር ትልቅ ነገር ነው። የትብብር ሥልጠናውን፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ የምትለማመዱበትን ጊዜ፣ ኮሌጁ ያመቻቻል ወይስ «እናንተው ፈልጉ» ይላል? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሕጎቹ አሉ? ሲኦሲን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናን፣ ለመፈተን ያዘጋጃሉ? ክፍያውስ ምዝገባን፣ ምዘናን፣ ጋዋንን ይጨምራል ወይስ እየቆየ ይመጣል?

ከሁሉም በላይ ያለፈው ዓመት ምሩቆችን ፈልጉ። ሁለት ብታገኙ ይበቃል። አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቁ።

ለምዝገባ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ ያዙ። የመግቢያ መስፈርቱ በምትገቡበት ደረጃ ይወሰናል። የምትሠሩ ከሆነ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ፕሮግራም ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት የሚሠራው በሥራ ቀን ነው። ማታ ብትማሩም በወር ሁለት ሦስት ግማሽ ቀን ለችሎት ማግኘት አለባችሁ።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት

ሦስት ነገር ጀምሩ።

አንደኛ፣ በአማርኛ መተየብ። ፓወር ግዕዝም ይሁን ሌላ፣ በሁለት ጣት ሳይሆን በአሥር ጣት። የጠበቃ ቢሮ ውስጥ አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚመዘነው በዚህ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለሁለት ወር። የጋዜጣ ዜና እየገለበጣችሁ ተለማመዱ።

ሁለተኛ፣ ችሎት መግባት። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። በር ላይ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ ዳኛ ሲገባ ተነሥታችሁ፣ ኋላ ተቀመጡ። ማንም አያባርራችሁም። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለባት ከተማ ናት። ከፍተኛውም ወረዳውም እዚሁ አለ። ሦስቱንም እርከን በአንድ ሳምንት ማየት ትችላላችሁ። ይህን ዕድል ገጠር ያሉ ጓደኞቻችሁ አያገኙትም። ምን ታዳምጡ? ዳኛው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ። «መቼ?» «ማስረጃ አለህ?» «ምን ይወሰንልኝ ነው የምትለው?» እነዚህ ሦስቱ ናቸው። እስካሁን ስሠራ ከእነዚህ አልወጣሁም።

ሦስተኛ፣ ሕገ መንግሥቱን ማንበብ። አጭር ነው። በተለይ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለውን። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ፍትሕ የማግኘት መብት፣ የሴቶች መብት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሕግ ቋንቋ ጆሮ ሲለምደው ይቀላል።

ትምህርቱ፦ ምን ላይ ላብ ይፍሰስ

የኮርሱ ዝርዝር ብዙ ነው። የሕግ መግቢያ፣ ሕገ መንግሥት፣ ውል፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ንብረት፣ ወንጀል፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ማስረጃ፣ ሠራተኛና አሠሪ፣ የሕግ ጽሑፍ፣ ሥነ ምግባር። ሁሉንም እኩል አትያዙት። ለሕግ ረዳት የጀርባ አጥንቱ ሥነ ሥርዓቱ ነው። ጠበቃው ስለ መብቱ ያስባል። እናንተ ደግሞ መብቱ በየትኛው በር፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ወረቀት እንደሚገባ ታስባላችሁ።

መጀመሪያ የሕጎቹን ደረጃ ለዩ። ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። ከዚያ ሕጉ የየት እንደሆነ ለዩ። የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የአማራ ክልል ሕግ በዝክረ ሕግ ይወጣል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ የሚገኘው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። እዚህ ለባልና ሚስት ጉዳይ የሚሠራው ግን የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የገጠር መሬት ሲሆን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252/2009ን ትከፍታላችሁ። የሠራተኛ ጉዳይ የፌዴራል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የ1952፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ የ1958 ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግን በየቀኑ ይሠራሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉምም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በቅጽ በቅጽ ታትሟል። ከአንድ አንቀጽ ጋር የሰበሩን ትርጉም አያይዞ የሚያመጣ ረዳት ለጠበቃ ወርቅ ነው።

ከዚያ ቀኖቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ያዙ። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ባጃጅ ለገጨው ሰው፣ ካሳ የሚጠየቀው በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ነው። የውል ክስ፣ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት፣ 10 ዓመት። ከሥራ የተባረረ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው በ3 ወር። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት 6 ወር። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን። በሌለበት የተወሰነበት ተከሳሽ መዝገቡ እንዲከፈትለት የሚያመለክተው በ1 ወር። ይህን በካርቶን ጽፌ ከአልጋዬ በላይ ሰቅዬው ነበር። እስካሁን አለ።

አንቀጽ ማንበብም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ አንቀጽ ስታነቡ በእርሳስ ሦስት ነገር አስምሩ፦ ማን፣ ምን ሲሆን፣ ምን ይከተላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472ን ውሰዱ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተደረገ ማመን ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር በ1952 ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ አይሸፍንም። ስለዚህ ዛሬ ሰው ለሰው የሚያበድረው ሁሉ ማለት ይቻላል ወረቀት ይፈልጋል። «ሦስት ሰው አይቷል» አይበቃም። ይህን አንድ አንቀጽ ለጎረቤቶቻችሁ ብትነግሩ ስንት ጠብ ትከላከላላችሁ!

ባለጉዳይን ማዳመጥ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ባለጉዳይ ግን ነገሩን ከሥሩ አይጀምርም። ከቁስሉ ነው የሚጀምረው። ይጀምር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ብዕር አታንሡ። እናንተ ስትጽፉ ካየ ቃላቱን መምረጥ ይጀምራል። አዛውንት ከሆኑ ተነሥታችሁ ወንበር ስጡ፣ አባባ፣ እማማ በሉ፣ በእርስዎ አነጋግሩ። ጀልባና መኪና ቀያይረው ስለመጡ ውሃ አቅርቡ።

ከዚያ አንድ ወረቀት አውጡና በሦስት ዓምድ ክፈሉት። ቀን፣ የሆነው ነገር፣ ማስረጃው። አሁን ጠይቁ።

«እማማ፣ ቤቱን የገዙት መቼ ነው?»

«ልጄ የተወለደ ዓመት።»

«ልጁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዘንድሮ አሥራ ሁለት ይደፍናል፣ ለፍልሰታ።»

አያችሁ? ቀኑ ተገኘ። ሰው ቀን አያስታውስም፤ ፍልሰታን፣ ጥምቀትን፣ የልጅ ክርስትናን፣ የሰው ሐዘንን ያስታውሳል። ከዚያ ተነሥታችሁ ወደ ቀኑ ትደርሳላችሁ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የቀረበት መስመር ሁሉ የነገ ሥራችሁ ነው፤ ማን ያውቃል፣ ወረቀቱ የት አለ ብላችሁ ትፈልጋላችሁ።

ስለማይመቸውም ጠይቁ። «ሌላኛው ወገን ቢጠየቅ ምን ይላል?» በሉ። ባለጉዳይ የሚደብቀው ነገር ችሎት ላይ ከሌላ ሰው አፍ ከወጣ ጉዳዩን ያበላሸዋል። ቢሮ ውስጥ ከወጣ ግን መፍትሔ ይፈለግለታል።

አቤቱታ መጻፍ

የክስ አቤቱታ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 ይዘረዝራል። የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ክሱ የተመሠረተበት ነገርና የሆነበት ጊዜና ቦታ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። አንቀጽ 223 ደግሞ ከክሱ ጋር የሚያያዘውን ማስረጃና የምስክሮች ዝርዝር ይናገራል። መጨረሻ ላይ «በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትለዋ መስመርና ፊርማ አለች። መስመሯ ተራ ነገር አይደለችም። ባለጉዳዩ ምን ላይ እየፈረመ እንደሆነ አንብቡለት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ሁለት ጊዜ አንብቡለት።

አሁን አጻጻፉን በምሳሌ እንይ። ጀማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

«ተከሳሽ ታማኝ መስሎ ቀርቦኝ ላቤን ጠብ አድርጌ ያገኘሁትን ገንዘብ በልቶ ስለከዳኝ የተከበረው ፍርድ ቤት ይፍረድልኝ።»

ስሜቱ እውነት ነው። ዳኛው ግን ከዚህ ምንም አይወስድም። እንዲህ ይጻፍ፦

«ተከሳሽ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከተማ በተደረገ የጽሑፍ ውል ከከሳሽ 40,000 ብር ተበድሯል። ገንዘቡን ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ለመመለስ ግዴታ ገብቷል። ቀኑ ቢያልፍም አልመለሰም።»

ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት፦ ዋናው 40,000 ብር፣ የመክፈያው ቀን ካለፈበት ጊዜ ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ፣ ወጪና ኪሳራ። ወለዱን ረስታችሁ ከቀረ ዳኛው አስታውሶ አይሰጣችሁም። ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም።

ደንቡ አጭር ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ነገር። እያንዳንዱ ነገር ቀን ይኑረው። እያንዳንዱ ነገር ከጎኑ ማስረጃ ይኑረው። ቅጽል ካያችሁ ሰርዙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡና «ምን ተፈጠረ?» በሉት። በትክክል መልሶ ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ረቂቁ ግን ምንጊዜም ወደ ጠበቃው ወይም ወደ ኃላፊው ይሄዳል። እናንተ አትጨርሱትም።

ፋይል እና ቀጠሮ

ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ አቃፊ፣ ፊት ለፊቱ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ የባለጉዳይ ስልክ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። ውስጡ የሰነዶች ዝርዝር፣ ቁጥር የተሰጣቸው። ዋና ሰነድ አይበሳም፣ አይጻፍበትም፣ በፕላስቲክ ይገባል። ስካን አድርጋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፍላሽ ብቻ አይበቃም፤ ፍላሽ ይጠፋል።

የቀጠሮ ደብተር ላይ ሁለት ቀን ይጻፍ። አንዱ ቀጠሮው፣ ሌላው ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት ያለው የማስታወሻ ቀን።

አሁን የምነግራችሁ ለራሴ ሳልራራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከሥራ የተባረረች አንዲት ሠራተኛ መጣች። የስንብት ደብዳቤዋ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ማርች 12 ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ መጋቢት 12 ብዬ ጻፍኩ። ማርች 12 ማለት ግን በዚያ ዓመት መጋቢት 3 ነው። ዘጠኝ ቀን ልዩነት። 3 ወሩ ሰኔ 3 ሞላ። እኛ ክሱን ያስገባነው ሰኔ 9 ነው፣ «ሦስት ቀን ቀድመናል» ብለን። አሠሪው የይርጋ መቃወሚያ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ አልፏል የሚል ተቃውሞ፣ አነሣ፤ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። የገንዘብ ጥያቄዎቿ 6 ወር ስላላቸው ተረፉ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄዋ ግን በእኔ ዘጠኝ ቀን ቀረ። ሴትየዋ አልተቆጣችም። ያ ነው የበለጠ የከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቀን ሲመጣ በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ቀኑን ከአንዱ ወደ ሌላው የቀየረውን ሰው ስምም አጠገቡ። የባንክ ወረቀት፣ የውጭ ድርጅት ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ማስረጃ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ፍርድ ቤት በእኛ ነው። እናንተ በሁለቱ መካከል ናችሁ። እባካችሁ ይህችን ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ያዟት።

የትብብር ሥልጠና የት ይደረግ

የምትችሉ ከሆነ ጊዜውን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ግማሹ ሰው የሚበዛበት የሕግ ድጋፍ ቦታ። መዝገብ ቤት ወረቀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያስተምራል። የሕግ ድጋፍ ማዕከል ደግሞ ሰውን ያስተምራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም የሕግ ረዳት በጎ ፈቃደኞችን በማሠልጠን ይታወቃል። ደብዳቤ ከኮሌጁ አጽፋችሁ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መልስ ቶሎ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ በትሕትና ተመለሱ።

ጊዜውን ስትመርጡ ክረምቱን አስቡ። ክረምቱ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ፣ ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። ያኔ ብትገቡ ባዶ ኮሪደር ነው የምትማሩት።

እዚያ ስትሆኑ ፎቶ ኮፒ አንሡ ሲሏችሁ አይክበዳችሁ። ኮፒ የምታነሡትን አንብቡት። እኔ ብይን፣ ትእዛዝና ፍርድ እንዴት እንደሚለያዩ የተማርኩት ኮፒ ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው። በየቀኑ ማታ በደብተር ላይ አንድ አዲስ ቃልና አንድ አዲስ አሠራር ጻፉ። ሥልጠናው ሲያልቅ ይህ ደብተር ከሰርተፊኬቱ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ስለ ምስጢርና ስለ ገንዘብ

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ብትሆንም ለወሬ ትንሽ ናት። ከሳሹን ሽምብጥ ቡና ላይ፣ ተከሳሹን እሑድ ጊዮርጊስ ታገኟቸዋላችሁ። ቢሮ የሰማችሁት ቢሮ ይቅር። ለእናታችሁም አትንገሩ። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። ከሕጉም በፊት ግን ያ ሰው ፌስታሉን የፈታው እናንተን አምኖ ነው።

ዘመድ ወይም ጓደኛ በሌላኛው ወገን ካለ ለኃላፊያችሁ ወዲያው ተናገሩ። «ይኼን መዝገብ ቶሎ አስወጣልሃለሁ፣ ሻይ በል» ከሚል ሰው ራቁ፤ ሰጪም ተቀባይም አትሁኑ። ገንዘብ የምትቀበሉት ለቢሮው ብቻ ነው፣ በደረሰኝ። «ታሸንፋለህ» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ባለጉዳዩ የሚፈልገው ያንን መስማት ነው፣ አውቃለሁ። «ማስረጃዎ ይህ ነው፣ የጎደለው ይህ ነው» በሉት።

እዚህ አገር በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። ሰው ይህን ያህል ያከበረውን ነገር ነው እጃችሁ ላይ የሚያስቀምጠው።

ሽምግልናንም አትርሱ። ጎረቤታሞችና ወንድማማቾች ከሆኑ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት «ሽማግሌ ሞክራችኋል?» ብሎ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ከታረቁ ደግሞ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ወገኖቹና ምስክሮቹ ይፈርሙበት። በቃል ያለ ይረሳል። የድብደባ፣ የጠለፋ፣ የልጅ መደፈር ነገር ግን በሽማግሌ አይዳፈንም። ያኔ መንገዱ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ሐኪም ነው፣ በዚያው ቀን።

ምዘናና ሥራ

ኮሌጁ ሲያልቅ ሲኦሲ ይኖራል፣ የጽሑፍና የተግባር። የተግባሩ ላይ ጊዜ የሚበላው መተየብና የአቤቱታ ቅርጽ ነው። ከላይ ያልኳችሁን ከሠራችሁ አያስቸግርም።

ሥራ ስትፈልጉ ሲቪ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አምስት ስድስት የሥራ ናሙና አዘጋጁ፦ አንድ የክስ አቤቱታ፣ አንድ የመከላከያ መልስ፣ አንድ የብድር ውል፣ የሦስት ዓምድ የጉዳይ ዝርዝር፣ የአንድ ሰበር ውሳኔ አጭር ማጠቃለያ። ታሪኩን ከራሳችሁ ፍጠሩት እንጂ የእውነተኛ ባለጉዳይ ወረቀት አታሳዩ። የጠበቃ ቢሮዎችን በእግር ዙሩ። ጠዋት አትሂዱ፣ ችሎት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሂዱ። «ለአንድ ወር ፈትኑኝ» በሉ። እኔን የቀጠረኝ ሰው ናሙናዬን ያነበበው ቆሞ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተቀመጠ።

ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው። እየሠራችሁ የዲግሪውን መንገድ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ። በዚሁ ሙያ መቆየትም ክብር አለው። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ቢሮ የቆዩ አንድ ረዳት አውቃለሁ። ጠበቆቹ ከችሎት በፊት እሳቸውን ነው የሚጠይቁት።

ለመጀመሪያው ሰኞ እነዚህን ያዙ፦ ሁለት ብዕር፣ እርሳስ፣ የደብተር ቀን መቁጠሪያ የሁለቱም አቆጣጠር ያለበት፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ ንጹሕ ፕላስቲክ አቃፊዎች። አቃፊዎቹ ፌስታል ይዞ ለሚመጣው ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አላቅቁላቸው፣ አድርቋቸው፣ ቀኑን ፈልጉ።